“በምን ሞተች?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም

(በጥሊሊ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለፀረ ኤች አይ ቪ ክበብ አባላት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



የተጋበዝኩት ስለ ኤች አይ ቪ እንድናገር ነው። ወደዚያ እንመጣለን። በመጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰባት ቤት መቁጠር የምትችሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያላችሁ እስከ ሰባት ትውልድ ማለቴ ነው። በእኛ አካባቢ ይህን ጨርሶ የማያውቅ ልጅ አለ ማለት ይከብዳል። ጋብቻ ሲታሰብ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ያስቆጥራሉ፤ ስለዚህ ልጅ ከፍ ሲል ይማረዋል።

ጥሩ። አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። የእናታችሁ እናት፣ የእሷም እናት ስሟ ማን ነበር? በስንት ዓመቷ ተዳረች? ስንት ልጅ ወለደች፣ ስንቱስ አደገላት? በምን ሞተች?

አያችሁ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ! አትፈሩ፣ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ይህንኑ ጥያቄ ለትልልቅ ሰዎችም አቅርቤ አይቻለሁ፤ መልሱ ያው ዝምታ ነው። እኛ የአዊ ልጆች የሰባቱን የአገው ቤቶች ታሪክ ሰምተን ነው ያደግነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር፣ ፈረሱ በጌጥ አምሮ፣ የዓድዋ ዘማቾች ታሪክ ተነሥቶ ስናይ ደስ ይለናል። ደግሞም ይገባል፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሸጋገረ ቅርስ ነው። ነገር ግን ለዚያ ዘማች ገብሱን ቆልታ በሶ የፈጨችለት ሴት ማን ነበረች? እሱ ሄዶ እስኪመለስ ልጆቹን ያሳደገችውስ? “ተራ ሴት ናት” ተብላ ታልፋለች።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህች “ተራ ሴት” ነው። ስለ ሕይወቷና ስለ አሟሟቷ። “ይኸ የታሪክ ትምህርት እንጂ የኤች አይ ቪ ትምህርት አይደለም” የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። የተማርኩት ሶሺዮሎጂ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ማኅበራዊ ሠራተኛነት ነው። በትምህርቱም በሥራውም የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ አንድ ቤተሰብ የሴቶቹን አሟሟት በደበቀ ቁጥር በሕይወት ያሉትን ልጆቹን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ነው።

አንዲት የጎንደር ሴት

ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊት በጎንደር ከተማ አንዲት ልጅ ተዳረች። ስሟ የተመኙ ይባላል። ዕድሜዋ ስምንት ዓመት ገደማ ነበር። ባሏ አለቃ ፀጋ ተሻለ የቤተ ክህነት ሰውና ባለቅኔ ነበሩ፤ በሃያ ዓመት ያህል ይበልጧታል። እስቲ አስቡት! ስምንት ዓመት ማለት ዛሬ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ማለት ነው። ታናሽ እህታችሁን በዓይነ ኅሊናችሁ አምጧት።

ስለ ወይዘሮ የተመኙ ያወቅነው ሐውልት ስለቆመላቸው አይደለም። ጦር አልመሩም፣ ሹመት አልያዙም። ያወቅነው አንዲት የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስለጠየቀቻቸው ነው። ጋዜጠኛዋ አይዳ እደማርያም ከአያቷ አንደበት የሰማችውን ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ “የሚስት ታሪክ” እንደማለት ነው። መጽሐፉ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር የሚሰጠውን የኦንዳቼ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። ልብ በሉ፤ የተሸለመው የአንዲት የጎንደር የቤት እመቤት ታሪክ ነው።

በዚያ ዕድሜ የተጀመረ ትዳር ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። የልጅነት ጨዋታ ሳይጠገብ ጓዳ፣ ምድጃ፣ ከዚያም ወሊድ ይከተላል። ወይዘሮ የተመኙ ልጆች ወለዱ፤ ከወለዷቸውም የቀበሯቸው አሉ። ጣሊያን ጎንደርን ሲይዝ እዚያው ነበሩ። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ በተደረገው ውጊያ ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ባላቸው ታሰሩ። አደባባይ መውጣት ያልለመዱት ሴት ፍትሕ ፍለጋ ወጡ፤ አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። ባላቸውን በሞት ተነጠቁ፤ በመበለትነት ኖሩ። የንጉሡን መውደቅ አዩ፣ አብዮቱን አዩ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱን አዩ። በመጨረሻም ዘጠና ዓመት አልፏቸው አረፉ።

ይኸ የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን የአገር ታሪክ በውስጡ አለ። አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ያስተማረን ይህንኑ ነው። የአንድ ሰው የግል ችግር የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የኅብረተሰቡ ችግር ሆኖ ይገኛል። የስምንት ዓመት ልጅ መዳር የወይዘሮ የተመኙ ዕጣ ብቻ አልነበረም። ወግ ነበር። ሕጉስ ምን ይል ነበር? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ያደረገው 15 ዓመትን ነው። 18 ዓመት የሆነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ማግባት ወንጀል መሆኑን ደነገገ፤ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

ከ15 ወደ 18 ለመድረስ 40 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። በዚያ 40 ዓመት ውስጥ በልጅነታቸው የተዳሩት እነማን ናቸው? ሩቅ አትሂዱ። የእናንተ አያቶች ናቸው፤ የአንዳንዶቻችሁም እናቶች ናቸው።

ተቀምጦ የቆየው ደም ሲናገር

የወይዘሮ የተመኙ ታሪክ ከክበባችን ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከልጆቻቸው አንዱ ተምረው ሐኪም ሆኑ። ፕሮፌሰር እደማርያም ፀጋ ይባላሉ፤ የአይዳ አባት ናቸው። በተለይ በጉበት በሽታ ላይ ባደረጉት ምርምር ይታወቃሉ። እኚህ ሰው ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ ውስጥ መኖር አለመኖሩን በደም ምርመራ አጠኑ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። “ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተወሰደ ደም ነው” የሚል ነገር በየመጽሔቱ አንብባችሁ ይሆናል። የዚህ አባባል መነሻ ይህ ጥናት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡ። የኤች አይ ቪ የደም መመርመሪያ ለአገልግሎት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ታዲያ የ1984ቱ ደም እንዴት ተመረመረ? ተቀምጦ ስለቆየ ነዋ! ደሙ በተቀዳበት ቀን ውስጡ ያለውን ነገር ለሰውየው የሚነግረው ማንም አልነበረም። መመርመሪያው ሲመጣ ግን ተቀምጦ የቆየው ደም ተናገረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተገለጠ መጣ። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986፣ በእኛ በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ዶክተር ፍራንሲስ ሌስተር ከዶክተር ደብረወርቅ ዘውዴና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በአንድ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ስለታዩ ሰባት ሕሙማን ጻፉ። ሰባት ሰዎች ብቻ! ብሔራዊው የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ በ1990 ዓ.ም. ወጣ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በነፃ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በጥር 1997 ዓ.ም. ነው።

እስቲ ደምሩት። ቫይረሱ በደም ውስጥ ከታየበት ዘመን ነፃ መድኃኒት እስከመጣበት ጊዜ ድረስ ሃያ ዓመት አለ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት የሞቱ እናቶች፣ አክስቶች፣ ታላላቅ እህቶች አሉ። በየቤታችን ስማቸው ሲነሣ “በምች ሞተች”፣ “ሳንባዋን ነው”፣ “ኀዘን ነው የገደላት” የሚባሉት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ደሙ ተቀምጦ ቆይቶ ተናገረ፤ ሰው ግን ዝም አለ።

የእናቴ ታላቅ እህት

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ የእኔ አክስት ናት። ልጇ ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስም እንዳልጠራ ግን ቃል አስገብታኛለች። ስለዚህ እናቴ እንደምትጠራት “እታለም” እያልኩ ላውጋችሁ።

እታለም የተወለደችው ከጥሊሊ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ገጠር፣ ገብስና ድንች በሚመረትበት ደጋ ነው። በ13 ዓመቷ ተዳረች። ሁለት ጊዜ ጠፍታ ወደ ወላጆቿ መጣች፤ ሁለት ጊዜም ሽማግሌ ይዞ መለሳት። በሦስተኛው ወደ ወላጆቿ አልሄደችም፤ ቀጥታ ጥሊሊ ገባች።

ከተማችን እንደምታውቁት ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። መኪና ይቆማል፣ መንገደኛ ይወርዳል። እታለም አንዲት ክፍል ተከራይታ ጠላና አረቄ መሸጥ ጀመረች፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ለመንገደኛ ታቀርባለች። ትንሽ ገንዘብ ስትይዝ መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰላችሁ? ታናሽ እህቷን፣ የእኔን እናት፣ ከገጠር አስመጥታ ትምህርት ቤት አስገባቻት። እናቴን ሊድሯት አስበው ነበር። እናቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችው በዚያ የድንችና የጠላ ገንዘብ ነው። እኔ ዛሬ ዲግሪ ይዤ እናንተ ፊት የመቆሜ ነገር የተጀመረው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከተበተነው ሠራዊት ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ ወታደር ጋር ተዋወቀች። ተጋቡ። ጥሩ ሰው ነበር ይላሉ። በ1985 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ። በ1988 ዓ.ም. ሰውየው ታሞ ሞተ፤ ሳንባ ነው ተባለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ እሷም ታመመች። ከሳች፣ ሳለች፣ ተቅማጡ አላቋርጥ አለ። ጠበል ወሰዷት። አንዱ ምች ነው አለ፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ። ሰፈሩ ግን ስሙን ሳይጠራ ያውቅ ነበር። የጠላው ደንበኛ ቀረ። መጠጫዋ ተለየ። ምግቧን በር ላይ አስቀምጠውላት የሚሄዱ ነበሩ። አንዲት ጎረቤት ብቻ ሳትጠየፍ እየገባች ታጥባት፣ ፀጉሯን ትሠራላት ነበር። በ1991 ዓ.ም. ክረምት ሞተች። ገና 33 ዓመቷ ነበር።

እድሩ ወጣ፣ ተቀበረች። ልብሷ ተቃጠለ። አርባዋ ወጣ፣ ሙት ዓመቷም ተደገሰ። በምን እንደሞተች ግን ከቤተሰባችን አንድም ሰው አፍ አውጥቶ አልተናገረም። እኔ ያን ጊዜ ጡት ያልተውኩ ሕፃን ነበርኩ።

ልጇ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቴ ወስዳ ከእኛ ጋር አሳደገቻት፤ እንደ ታላቅ እህቴ ነው የማያት። ታዲያ ልጅቷ ትታመማለች። ጆሮዋ ይመግላል፣ ቆዳዋ ይቆስላል፣ ሳል አይለቃትም። ሐኪም ዘንድ በተወሰደች ቁጥር “እናትና አባቷ በምን ሞቱ?” ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “በምች”። ነፃው መድኃኒት በአገራችን ተጀምሮ፣ ቀስ በቀስም ወደየወረዳው እየደረሰ ነበር። በቤታችን ግን ምርመራ የሚባል ነገር የሚያነሣ አልነበረም፤ ምክንያቱም ልጅቷን ማስመርመር ማለት የእናቷን አሟሟት ማመን ማለት ነው።

በ2000 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ 15 ዓመት ሞላት። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ከእናንተ ብዙዎቹን ታክላለች ማለት ነው። ክብደቷ ግን 27 ኪሎ ነበር። አንዲት ነርስ እናቴን ለብቻዋ ጠራቻትና እንዲህ አለቻት፦ “እህቴ፣ የሞተችው ሞታለች። ይቺ ግን አልሞተችም። እውነቱን ንገሪኝ።”

እናቴ ተናገረች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ልጅቷ በዚያው ሰሞን ተመረመረች፤ መድኃኒት ጀመረች።

ዛሬ የአክስቴ ልጅ የሁለት ልጆች እናት ናት። በቀን አንድ ክኒን ትወስዳለች። በደሟ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሷል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እስከወሰደ ድረስ ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ባሏም ልጆቿም ከቫይረሱ ነፃ ናቸው። አሁን እናቷ የሞተችበትን ዕድሜ ደርሳበታለች። እናቷ መድኃኒት በሌለበት ዘመን ሞተች፤ እሷን ግን መድኃኒት እያለ ልናጣት ነበር። ልዩነቱ ይግባችሁ።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። የቤተሰባችሁን ሐረግ ሠርታችሁ አምጡ የሚል የቤት ሥራ ተሰጠን። አያቴን ስጠይቃት “አንቺ ልጅ፣ የሞተ ሰው አይቀሰቀስም!” ብላ ተቆጣች። ሁለት ቀን ቆይታ ራሷ ጠራችኝ። “ልጄ እኮ ናት፤ ስሟን ሳልጠራ ሃያ ዓመት ሞላኝ” አለችኝ። ከዚያ ጀምራ እስኪመሽ አወራችልኝ። ስለ ሕመሟ ያወራችው ጥቂት ነው። አብዛኛው ወሬዋ እታለም ልጅ ሆና እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ ድንች ስትልጥ እንዴት እንደምትፈጥን ነበር። አያቴ ለካ ልጇን በስሟ የምትጠራበት ቀን ነበር የምትጠብቀው።

ከእናንተ ምን ይጠበቃል?

ውድ ተማሪዎች፣ አባቶች “በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ። እኔ ደግሞ የእናቱን በሽታ የሸሸገም እንደዚያው ነው እላለሁ። ስለዚህ ዛሬ የቤት ሥራ ልሰጣችሁ ነው። ውጤት የለውም፤ ግን ሕይወት ያድናል።

አንደኛ፣ ጠይቁ። አያት ያላችሁ፣ አክስት ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ጀምሩ። ሰው በተሰበሰበበት አይሁን፤ ቡና ተፈልቶ ለብቻችሁ ስትሆኑ ይሁን። በሞት አትጀምሩ። የት ተወለደች፣ ማን ዳራት፣ ምን ትወድ ነበር ብላችሁ ጀምሩ። አሟሟቷ በኋላ በራሱ ይመጣል። ቢቆጧችሁ ታገሡ፤ ቆይተው ሊጠሯችሁ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ በአክብሮት ጠይቁ። “በምን ሞተች?” እና “ምን አድርጋ ሞተች?” አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የጤና ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ፍርድ ነው። የእታለምን መጠጫ የለየው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ቫይረሱ ጠላ ከምትሸጥ ሴት ቤትም፣ ከባሏ ሌላ ወንድ ከማታውቅ ሴት ቤትም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ ቫይረሱ የተገኘባቸው ሴቶች 1.2 በመቶ ሲሆኑ ወንዶች 0.6 በመቶ ናቸው። እጥፍ ነው። ለዚህ የተፈጥሮ አካል ምክንያት አለው፤ ግን ሴት ልጅ በልጅነቷ ስትዳር፣ በራሷ ገንዘብና በራሷ አካል ላይ መወሰን ሲያቅታት ለቫይረሱ ይበልጥ እንደምትጋለጥ መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ጻፉ። አንድ ደብተር ያዙ። የሴቶቹን ስም፣ የተዳሩበትን ዕድሜ፣ የወለዷቸውንና የሞቱባቸውን ልጆች፣ የሕመማቸውን ምልክት ጻፉ። ኤች አይ ቪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በወሊድ የሞተች አያት ታገኙ ይሆናል፤ “ዕድሏ ነው” ተብሎ የታለፈ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 412 ሆኗል። ዕድል ቢሆን ኖሮ በግማሽ አይቀንስም ነበር! የቀነሰው በጤና ተቋም መውለድ ስለበዛ፣ ሕክምናው ስለቀረበ ነው። በልጅነቷ ወልዳ በፊስቱላ የተጎዳች፣ ከሰው ተለይታ ጓዳ የኖረችም ልታገኙ ትችላላችሁ። ይህ በሽታ የሚታከም ነው፤ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በባሕር ዳር ከተከፈተ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሕክምናው ወደ ክልላችን ቀርቧል። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የጡት ካንሰርም በዘር ሐረግ ውስጥ መኖራቸውን ማወቅ ለእናንተ ጤና ይጠቅማል።

አራተኛ፣ ምሥጢር ጠብቁ። የሰማችሁት ለመንደር ወሬ አይደለም። በሕይወት ያለ ሰው ውጤቱን የሚናገረው ራሱ ነው፤ እናንተ አትናገሩበትም። እኔም ዛሬ የነገርኳችሁ የባለቤቷን ፈቃድ አግኝቼ ነው።

አምስተኛ፣ ያወቃችሁትን ተጠቀሙበት። እናት ወይም አባት ረዥም ጊዜ ታመው ሞተው ከሆነ፣ ትንንሽ ወንድምና እህቶቻችሁ በሕፃንነታቸው ሞተው ከሆነ፣ እናንተም ተመርምራችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምርመራው ነፃ ነው፤ ምክር አለው፤ ምሥጢር ይጠበቃል። ምንም ዓይነት ሕክምና ካላገኙ 100 እናቶች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ቫይረሱን ወደ ልጃቸው ያስተላልፋሉ፤ ተገቢውን ክትትልና መድኃኒት ካገኙ ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ ቫይረሱ በደማቸው ኖሮ ሳይታወቅ እስከ እናንተ ዕድሜ የሚደርሱ ልጆች አሉ። የአክስቴን ልጅ አስታውሱ።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ዛሬ በዓይናችሁ የምታዩትን አትለፉ። ከክፍላችሁ አንዲት ልጅ በድንገት ከቀረች፣ ታናሽ እህታችሁ ልትዳር ነው የሚል ወሬ ከሰማችሁ፣ ለመምህራችሁ ንገሩ፣ ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ንገሩ፣ ለፖሊስ ንገሩ። ያቺ ልጅ ነገ የአንድ ቤተሰብ አያት ናት። የልጅ ልጆቿ ስለ እሷ ምን እንደሚያወሩ በከፊል የሚወሰነው እናንተ ዛሬ በምታደርጉት ነው።

ወይዘሮ የተመኙ የምትጠይቃቸው የልጅ ልጅ አገኙ። ከማኅፀናቸው የወጣው ሐኪም ደግሞ ዝም ያለውን ደም ጠየቀ። እታለምን የጠየቃት አልነበረም፤ ስለ እሷ የጠየቀችው ነርስ ግን ልጇን አተረፈች። በእያንዳንዳችሁ ቤት ስሟ ያልተጠራ አንዲት ሴት አለች። ሰባት ቤት ስትቆጥሩ እሷንም ቁጠሯት።

በሚቀጥለው ወር ክበቡ ሲሰበሰብ እመጣለሁ። የእያንዳንዳችሁን የአያት እናት ስም እጠይቃለሁ። ሌላውን በደብተራችሁ ያዙት፤ ስሟን ግን ጮክ ብላችሁ እንድትነግሩኝ እፈልጋለሁ።